ጌሾ የሚሸት መንጋጋ

ውዳሴ አጥንቱን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ደግማ አሸተተችው። አልተሳሳተችም፤ ጌሾ ጌሾ ይላል።

የሳይንስ ክበቡ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። ልጆቹ ለምሳ ወጥተዋል፤ የባዮሎጂ መምህራቸው መምህር ይሄይስም የመስታወት ሣጥኑን ቁልፍ ለእሷ አደራ ሰጥተው ሄደዋል። ቁልፉን ለሌላ ልጅ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ውዳሴ አንድ ነገር ከጠረጠረች ሳታገላብጠው የምትተው ልጅ አይደለችም፤ ጌሾን ደግሞ በደንብ ታውቀዋለች። እናቷ ሠርክአዲስ ቡሬ ውስጥ ስም ያላት ጠላ ጠማቂ ናት። ጌሾ ሲደርቅ፣ ሲወቀጥና ሲፈላ እያሸተተ ያደገ ሰው በዚህ ሽታ አይታለልም።

ታዲያ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞተ ፍጡር አጥንት ጌሾ ጌሾ የሚለው በምን ተአምር ነው? ድንቅነሽ ጠላ ትጠምቅ እንደነበር የሚናገር መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠማትም።

አጥንቱ የታችኛው መንጋጋ ነው። ያመጣው ናሁሰናይ ነው፤ የክፍል ጓደኛዋ፣ የግቢያቸው ተከራይ፣ ወሬ የማያልቅበት ናሁሰናይ። አገሩ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የገጠር መንደር ናት። መንገድ ክፍት በሆነ ሰሞን ሁሉ ዓርብ ይሄድና እሑድ ድርቆሹንና በሶውን ተሸክሞ ይመለሳል። ባለፈው እሑድ ከስንቁ ጋር ይህን ይዞ መጣ። ሰኞ ጠዋት በአሮጌ ፎጣ እንደተጠቀለለ የክበቡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና፣ ዝናብ የናደው ቦረቦር ውስጥ ከቀይ አፈር ሥር ብቅ ብሎ እንዳገኘው አንድ በአንድ ተረከ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። መምህር ይሄይስ መንጋጋውን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ታቅፈው አነሡት።

አይፈረድባቸውም። ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ላይ የዞኑ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ዐውደ ርእይ አለ። አንደኛ የሚወጡት ሁለት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር አዲስ አበባ ሄደው ብሔራዊ ሙዚየምን ይጎበኛሉ። የእነሱን ትምህርት ቤት ወክለው የሚሄዱት ውዳሴና ናሁሰናይ ናቸው። እሷ ከሸክላ ጭቃ የቺምፓንዚን፣ የድንቅነሽንና የእኛን መንጋጋ ሠርታለች፤ እሱ ደግሞ ያስረዳል፤ በማስረዳት የሚያህለው የለም። ሸክላዎቹ ቆንጆዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሌላ ትምህርት ቤት በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ ይዞ እንደሚመጣ ተሰምቷል። እውነተኛ ቅሪተ አካል ከተገኘ ግን ፓምፑን ዞር ብሎ የሚያየው አይኖርም።

ውዳሴ ሙዚየሙን ማየት የምትፈልገው ለሽርሽር አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ሳለች መጽሐፍ ላይ የድንቅነሽን የጉልበት አጥንት ሥዕል አይታ ነበር። ተመራማሪዎቹ የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበቷ ዘንበል ብሎ መግባቱን አይተው በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር አወቁ የሚለውን ካነበበች ወዲህ የሰው አካሄድ መመልከት ጀመረች። ገበያ ሲሄዱ እናቷ ሽንኩርት ስትመርጥ እሷ የሰዉን ጉልበት ታያለች። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር የምታወርደው ቪዲዮ የአጥንት ነው። እዚያ ሙዚየም ውስጥ ቆማ ያቺን ትንሽ ሰው ማየትን ከምንም ነገር በላይ ትመኘዋለች። የጌሾው ሽታ ያናደዳትም ለዚህ ነው።

አጥንቱን ከሸክላዎቿ ጎን አስቀመጠችው። የቺምፓንዚው መንጋጋ ሁለት ጎኖች ቀጥ ብለው ትይዩ ይሄዳሉ፤ ክራንቻውም ትልቅ ነው። የድንቅነሽ ክራንቻ አጥሯል፤ የኋላ ጥርሶቿ ግን ሰፋፊ ናቸው፤ ከፊት ጥርሶቿ በታች ያለው አጥንትም ወደ ኋላ ይሸሻል። አገጭ የላትም። እንደ እኛ ወደ ፊት ወጣ ያለ አገጭ ከእኛ በፊት የኖሩት አልነበራቸውም፤ ይህን ያስተማሯቸው ራሳቸው መምህር ይሄይስ ናቸው። የናሁሰናይ መንጋጋ አገጭ አለው። ውዳሴ በአንድ እጇ አጥንቱን፣ በሌላው የራሷን አገጭ ዳሰሰች። ያው ነው። ክብደቱም ቢሆን ልክ አይደለም። ቅሪተ አካል ወደ ድንጋይነት ስለሚለወጥ ይከብዳል ሲባል ሰምታለች፤ ይሄኛው ግን የደረቀ እንጨት ያህል እንኳ አይከብድም።

ሣጥኑን ቆልፋ ወጣች። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ናሁሰናይን ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ናሁ፣ ቦረቦሩ የቱ ጋ ነው ያልከው?»

«ነገርኩሽ እኮ፤ ከወንዙ ወዲህ።»

«ትናንት ክበብ ውስጥ ለነስመኘው ድንጋይ ማውጫው ጋ ነው ብለሃቸዋል።»

«ድንጋይ ማውጫውም ከወንዙ ወዲህ ነው። አቦ ውዲ፣ አታካብጂ።»

«ጌሾ ይሸታል።»

ናሁሰናይ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። «እናንተ ግቢ ውስጥ ጌሾ የማይሸት ምን አለ? ደብተሬ እንኳ ጌሾ ጌሾ ይላል።»

ይህ እውነት ነው። የእሱን ክፍልና የሠርክአዲስን መጥመቂያ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ውዳሴ መልሱን ተቀበለች፤ ከዚያ ደግሞ ራሷን ጠረጠረች። ምናልባት ቅናት ይሆን? ጭቃ ስታቦካ የከረመችው እሷ ናት፤ እሱ ግን አንድ እሑድ ይዞት በመጣው አጥንት ምክንያት ትምህርት ቤቱ ሁሉ ስሙን ይጠራዋል። ደግሞም ናሁሰናይ ክፉ ጓደኛ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ልጆቹ የጠላ ቤት ልጅ እያሉ ሲያሾፉባት፣ ክፍሉ ፊት ተነሥቶ አፋቸውን ያስያዛቸው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ጓደኛን መጠርጠር ደስ አይልም።

ቤት እንደገቡ ግን ነገሩን ያመጣችው እናቷ ናት። ሠርክአዲስ እንስራ እያጠበች ያ ልጅ ሆዱ ተሻለው ወይ ብላ ጠየቀቻት። የምን ሆድ ብትላት፣ እሑድ ሲመጣ ሆዴን ቆርጦኛል ብሎ ጌሾ ለምኗት እንደነበርና ማፍያ ድስትም እንዳዋሰችው ነገረቻት። ድስቱን ሲመልሰው ሥሩ ላይ ቀይ አፈር ተጣብቆ ነበር፤ ሠርክአዲስ ያንን ለማስለቀቅ የደከመችውን ስታማርር ቆየች። ውዳሴ ድስቱን አንሥታ ሥሩን አየችው። ቅናት አለመሆኑን አወቀች፤ ማወቋ ግን ጭንቀቷን ጨመረው እንጂ አላቀለለላትም።

በማግስቱ ገበያ ነበር። የናሁሰናይ እናት እትዬ እልፍነሽ ቡሬ ገበያ በወጡ ቁጥር የልጃቸውን ስንቅ ይዘው እነውዳሴ ግቢ ጎራ ይላሉ። ሁልጊዜ ቀልድ ይዘው ነው የሚገቡት። ያን ቀን ግን መደቡ ላይ ተቀምጠው የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱት አስቀመጡት። ናሁሰናይ ከመምህር ይሄይስ ጋር ባነር ለማሠራት ቀርቶ ስለነበር ቤት ውስጥ ያሉት ሠርክአዲስና ውዳሴ ብቻ ናቸው።

ሠርክአዲስ ደጋግማ ስትጠይቃቸው ነገሩን አወጡት። የመንደራቸው ሚካኤል በሰፊው ሊሠራ ነው። የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ከመቃብሩ ላይ ስለሚያርፍ፣ ሰው ሁሉ የዘመዱን አጽም እንዲያፈልስ የሰበካ ጉባኤው አስነግሯል። ባለፈው ቅዳሜ የእነሱ ተራ ሆኖ የአማታቸው የእማማ እታለም መቃብር ተከፈተ። እትዬ እልፍነሽ በእጃቸው አጥበው፣ በነጭ ሸማ ከፍነው ሣጥን ውስጥ አኖሯቸው። ራሳቸው አለ፤ ክንዳቸው አለ፤ የጣት አጥንት ሳይቀር ተለቅሟል። የታችኛው መንጋጋ ግን የለም።

«የቆፈረው ቢያዝን የሚባለው የመንደራችን ሰው ነው» አሉ እትዬ እልፍነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ናሁም ቢሆን ሲያግዘው አፈር ሲዝቅ ነው የዋለ፤ እሱ ልጅ ነው፣ ምን ያያል። የሙት አጥንት ለምን እንደሚፈለግ አንቺም ታውቂያለሽ ሠርክዬ።»

ሠርክአዲስ አማተበች። ለመተት ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢያዝንን ደፍሮ ሰላም የሚለው የለም። የጽዋ ማኅበር ላይ ጽዋው እሱ ጋ ሲደርስ ዘሎት ያልፋል፤ ልጆቹንም ሌላው ልጅ አያስጠጋቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አውጫጭ ተጠርቷል። የመንደሩ ሰው በሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ በተራው ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስም ማንም ተነሥቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። እሑድ የሁሉም አጽም ፍትሐት ተደርሶለት አዲሱ ቦታ ይገባል። እትዬ እልፍነሽ ግን አማታቸው ጎድለው ሣጥኑ በሚስማር አይመታም ብለው ምለዋል።

ውዳሴ የያዘችውን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠችው። እትዬ እልፍነሽ ወደ እሷ ዞረው የነናሁ በዓል መቼ ነው ብለው ጠየቋት።

«ከነገ ወዲያ ነው፣ እትዬ።»

«ቀንቷችሁ ግቡ፤ ሚካኤል ከፊት ከፊታችሁ ይቅደም» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

እሳቸው እንደወጡ ውዳሴ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሣጥኑን ከፍታ መንጋጋውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና አመጣችው። መንገድ ላይ የሚያልፉት ሰዎች ሁሉ የያዘችውን የሚያውቁ መሰላት። ናሁሰናይ የተጠቀለለውን ባነር ትከሻው ላይ አድርጎ ፉጨት እያፏጨ ሲገባ፣ እሷ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር።

«እናትህ መጥተው ነበር።»

«ስንቅ አመጡ?»

«የእማማ እታለም መንጋጋ እንደጠፋ ነገሩን።»

ናሁሰናይ ባነሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ገባ። መጀመሪያ ምን አገናኘው አለ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ የሰኞውን ሲተርክ እንደነበረው ሳይሆን፣ እየቆራረጠ ተናገረ። ማምሻውን የተዛቀው አፈር ውስጥ ነው ያገኘው። ጎን ለጎን ብዙ መቃብር ተከፍቶ ስለነበር የማን እንደሆነ አላወቀም፤ የማንም አይደለም ብሎ ኪሱ ከተተው። ማታ እናቱ መንጋጋ ጠፋ ብለው ሲያለቅሱ ደንግጦ ሊናገር ነበር፤ ግን የወሰደው የሌላ ሰው ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ያረጀ እንዲመስል ከጌሾና ከቀይ አፈር ጋር አፈላው። ሰኞ መምህር ይሄይስ እንደ ሕፃን ታቅፈው ሲያነሡት ካየ በኋላ ደግሞ መመለሻ ጠፋው።

«የአያቴ አይደለም» አለ። «ስንት ሰው ነው የተቆፈረው። በምን ታውቂያለሽ?»

ውዳሴ ነጠላዋን ገልጣ መንጋጋውን ብርሃኑ ላይ አዞረችው። «እየው። ጥርስ ከሞት በኋላ ከወደቀ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል። ሰውዬው በሕይወት እያለ ከወለቀ ግን ቀዳዳው በአጥንት ይሞላል፤ ድድ የነበረበት አጥንትም ይሳሳል። የኋላዎቹን ተመልከታቸው፤ በዚህም በዚያም ተደፍነው ልስልስ ብለዋል። ይሄ ሰው ከመሞቱ በፊት ለብዙ ዓመት አላኘከም።»

ከዚያ ቪዲዮ ላይ ያየችውን ነገረችው። ጆርጂያ በምትባል አገር ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የአንድ ሽማግሌ ራስ ቅል ተገኝቷል። አንድ ጥርስ ብቻ ነበር የቀረው፤ ሌላው ሁሉ ገና በሕይወት ሳለ ረግፎ ቀዳዳው ተደፍኗል። ሥጋና ሥር እየታኘከ በሚኖርበት ዘመን፣ ያለ ጥርስ ያን ያህል የቆየው ሌሎች ረድተውት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች። ይህን ስትሰማ ውዳሴ ቪዲዮውን አቁማ ለረጅም ጊዜ ስታስብ ነበር። ገና ሰው ሳይባሉ እንኳ ደካማቸውን ጥለው አልሄዱም ማለት ነው።

«ይሄንንም ሰው የሚያበላው ሰው ነበረው» አለች።

ናሁሰናይ መንጋጋውን ተቀበላት። የተደፈነውን ቦታ በጣቱ ነካው። አያቱ የፊት ጥርስ ብቻ እንደነበራቸው፣ እናቱ እንጀራውን በአጓት አርሰው በእጃቸው እያሹ ጥቁር ጣባ ውስጥ ያደርጉላቸው እንደነበር ተናገረ። እሱ ልጅ ሆኖ ከአጠገባቸው አይጠፋም ነበር።

«ግማሹን ለኔ ነበር የምታጎርሰኝ» አለ፤ አለቀሰ።

ውዳሴ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። አብራው ተቀመጠች። ናሁሰናይ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ሌላ ሐሳብ አመጣ። ቅዳሜ ያሳዩታል፤ ማታውን እሱ ይዞት ይሄዳል፤ እሑድ ፍትሐቱ ሳይጀመር ሣጥኑ ውስጥ ያስገባዋል። አያቱም አይጎድሉ፣ እነሱም ሙዚየሙ አያመልጣቸው፣ ማንም አይጎዳ። እንዲህ ተደርድሮ ሲነገር ምንም ክፋት የሌለበት ይመስላል። እውነቱን ለመናገር የውዳሴም ልብ ለአፍታ እሺ ብሎ ነበር። ዛሬ ቢመለስና እሑድ ጠዋት ቢመለስ ምን ልዩነት አለው?

«ቅዳሜ ጠዋት አውጫጭ ላይ የሚቀመጡት አያ ቢያዝንስ?» አለች።

«እሳቸው ምንም አላደረጉም። ያላደረገ ሰው ምን ይሆናል?»

ውዳሴ መንጋጋውን መልሳ ሸፈነችው። ጽዋው ሲዘላቸው የተቀመጡትን ሰውዬ አታውቃቸውም፤ በዓይኗ ግን ታዩዋት። ቅዳሜ ጠዋት እሷ ወደ ሽንዲ በሚሄደው መኪና እንደምትሳፈር፣ እሱ የፈለገበት መሄድ እንደሚችል ነግራው ወጣች።

ዓርብ ዕለት መምህር ይሄይስን ቢሯቸው ድረስ ሄዳ አገኘቻቸው። አዲስ የተተኮሰ ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ለነገ መሆኑ ነው። መንጋጋው የዛሬ ሰው እንደሆነ፣ ባለቤትም እንዳለው ነገረቻቸው። ከየት እንደመጣ አልነገረቻቸውም። እንደሚቆጡ ጠብቃ ነበር፤ እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ሲጠርጉት ቆዩ።

«አገጩን አይቼው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሰኞውኑ አይቼዋለሁ። ላለማየት ፈልጌ ነው።»

ባለቤት ካለው ለባለቤቱ ይመለስ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ራሷ እንደምታደርሰው፣ ናሁሰናይም ምናልባት እንደማይኖር ስትነግራቸው ሸክላዎቹን ማን እንደሚያስረዳ ጠየቋት። የክበቡ ልጅ ስመኘው ያስረዳል አለች። ከሰዓቱን ሁሉ ስመኘውን የክራንቻውንና የአገጩን ነገር ስታስጠናው ዋለች፤ ፈጣን ልጅ ነው፣ ቶሎ ያዘው። ቶሎ መያዙም አናደዳት። ከዚያ ከክበቡ ክፍል ጀርባ ሄዳ ብቻዋን አለቀሰች። ሙዚየሙን ለስመኘው እንደሰጠችው ነው የተሰማት፤ ለስመኘው ደግሞ ከኳስ በቀር የሚያስደስተው ነገር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ ባነሩን ጣሪያው ላይ ጭኖ ቆሟል። ስመኘው ሸክላዎቹን ጭኑ ላይ አቅፎ በመስኮት ያያታል። ውዳሴ በነጠላ የተጠቀለለውን ይዛ ሽንዲ ሽንዲ ከሚለው መኪና አጠገብ ቆመች። ናሁሰናይ የክበቡን ቲሸርት ለብሶ መጣ። ከሁለቱ መኪናዎች መሃል ቆሞ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አየ። ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። መምህር ይሄይስ በሩን ክፍት ይዘው ትንሽ ጠበቁት፤ ከዚያ ዘጉት። ናሁሰናይ ወደ ውዳሴ መጣ።

መንገዱ ላይ ግን ዝም አላለም። እንዲህ እናድርግ አላት በሹክሹክታ። እሷ የመንደሩ ሰው አይደለችም፤ ከማንም ጋር ቂም የላትም፤ ጎበዝ ተማሪ መሆኗንም እናቱ ለመንደሩ ሁሉ አውርተዋል። አፈሩ ክምር ውስጥ ስፈልግ አገኘሁት ብትል የማያምናት የለም። አያ ቢያዝንም ነጻ ይወጣሉ።

«አንዲት ቃል ናት፣ በናትሽ» አለ።

ውዳሴ በመስኮቱ ውጭውን ታያለች። የበቆሎው ማሳ አልፎ የዳጉሳው ይመጣል፤ የዳጉሳው አልፎ ደግሞ በቆሎ ይመጣል።

ሲደርሱ አውጫጩ ተጀምሯል። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት፣ ዋርካው ሥር ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ዳኘው ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መሐላውን ያስምላሉ። ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። የአንድ ቀጭን ሰውዬ ግራና ቀኝ ብቻ ባዶ ነው። ውዳሴ ማን መሆናቸውን መጠየቅ አላስፈለጋትም።

እትዬ እልፍነሽ ልጃቸውን ባልጠበቁት ቀን ሲያዩት ደንግጠው ተነሡ። ውዳሴ ወደ እሳቸው ሄዳ ነጠላውን ገለጠችና መንጋጋውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እትዬ እልፍነሽ ቀለሙን አላዩም፤ ሽታውንም አላሸተቱም። አውራ ጣታቸውን ጥርስ በሌለው በቀኝ ድዱ ላይ አሳለፉ፤ በግራውም አሳለፉ።

«እናቴ» አሉ። ለአማታቸው ነው።

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አያ ዳኘው ዘንጋቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት፤ ወደ ውዳሴ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ ከየት ተገኘ?»

ናሁሰናይ ዓይኖቿን ፈለገ። አንዲት ቃል ናት። ሁሉም የሚያምኗት፣ ማንንም የማትጎዳ የምትመስል አንዲት ቃል። ውዳሴ ቃሏን አፏ ላይ አገኘቻት፤ ልትላት እንደምትችልም አወቀች።

«እኔ የመጣሁት ናሁን ልሸኝ ነው፣ አባቴ» አለች።

ከዚያ ክቡን አቋርጣ ሄዳ ከአያ ቢያዝን አጠገብ፣ ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ሰውዬው ቀና ብለው አዩዋት፤ ማን እንደሆነች አላወቋትም። የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላት።

መሃል ላይ የቆመው ናሁሰናይ ብቻ ቀረ። ወሬ የማያልቅበት ልጅ ቲሸርቱን ወደ ታች እየጎተተ መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። አያ ዳኘው ጥያቄውን አልደገሙም፤ ጠበቁት።

«አያ ቢያዝን አልወሰዱትም» አለ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

እትዬ እልፍነሽ ቀና አላሉም። አውራ ጣታቸው አሁንም ድዱ ላይ ነበር።